ሕክምናው ለማን፣ መቼ ያስፈልጋል?

አንድ ሕክምና በራሱ አስፈላጊ ወይም አላስፈላጊ ሊባል አይችልም፤ የሚመዘነው ለአንድ የተወሰነ ሕመምተኛ የሚሰጠው ጥቅም ከሚያስከትለው ጉዳትና ሕክምናው ባይደረግ ከሚሆነው ጋር ተነጻጽሮ ነው። የጠበበን የልብ ደም ሥር ከፍቶ የሚይዘው ስቴንት የተባለ ቀጭን የብረት ቱቦ ድንገተኛ የልብ ሕመም የያዘውን ሰው ከሞት ያተርፋል፤ ሕመሙ በረጋበት ሰው ላይ ግን፣ እ.ኤ.አ. በ2007 ይፋ የሆነውና 2,287 ሕመምተኞችን ያካተተው «ኮሬጅ» የተሰኘ ጥናት እንዳሳየው፣ በተገቢው መድኃኒት ላይ ስቴንት መጨመር የደረት ሕመምን ለጊዜው ቢያስታግስም ሞትን አልቀነሰም።

በአሜሪካ የሜሪላንድ ግዛት፣ ቶውሰን የሚገኘው የሴንት ጆሴፍ ሆስፒታል ስቴንት የገባላቸው 585 ሰዎች ምናልባት ሳያስፈልጋቸው እንደገባላቸው በደብዳቤ አሳውቋል፤ የግዛቲቱ የሐኪሞች ቦርድም የደም ሥሮችን ጥበት አጋንኖ መዝግቧል ያለውን የልብ ሐኪም ፈቃድ በ2011 ሰርዟል። ሆኖም አላስፈላጊ ሕክምና ሁሉ ከማታለል አይመነጭም፤ በተሠራው ሥራ ብዛት የሚከፍለው አሠራርና የክስ ፍርሃት፣ እንዲሁም «ቆይተን እንየው» የሚልን ሐኪም እንደ ቸልተኛ የሚቆጥር ቤተሰብ ድርሻ አላቸው፤ ጠብቆ መከታተል ግን ራሱ ሕክምና ነው።

ሐኪሙ ለሕመምተኛው ምን ያህል ማስረዳት እንዳለበት የዋሽንግተን ፌዴራል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በ1972 «ካንተርበሪና ስፔንስ» በተባለው ክስ ወስኗል። ወጣቱ ካንተርበሪ በ1959 የጀርባ ቀዶ ሕክምና ሲደረግለት ሽባ የመሆን ስጋት እንዳለ አልተነገረውም ነበር፤ ፍርድ ቤቱም መለኪያው የሐኪሞች ልማድ ሳይሆን አስተዋይ ሕመምተኛ ለመወሰን ማወቅ የሚፈልገው ነገር ነው አለ። ሜሪላንድ ይህን በ1977 ስትቀበል፣ ቨርጂኒያ በ1976 ሳትቀበለው ቀርታ በሙያው ልማድ ጸንታለች፤ ስለዚህ ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ የምትታከም ኢትዮጵያዊትና ከፖቶማክ ወንዝ ማዶ ቨርጂኒያ ውስጥ አሌክሳንድሪያ የምትታከም እህቷ ለአንድ ዓይነት ቀዶ ሕክምና ቢቀርቡም የሕጉ ከለላ አንድ አይደለም፤ የአሌክሳንድሪያዋ ይበልጥ መጠየቅ ይኖርባታል።

የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበሉ ሆስፒታሎች እንግሊዝኛ በበቂ ለማይችል ሕመምተኛ ብቁ አስተርጓሚ ያለ ክፍያ የማቅረብ ግዴታ አለባቸው። ልጆች ለወላጆቻቸው ማስተርጎማቸው ቀጠሮ ለማስያዝ ይበቃ ይሆናል፤ ስለ አደጋ የሚነገረውን ግን ወላጅን ላለማስደንገጥ ሊያስቀሩት ይችላሉ። «ባይደረግልኝ ምን እሆናለሁ? ሌላስ አማራጭ አለ?» የሚሉት ጥያቄዎች ከፊርማ በፊት በአማርኛ ሊጠየቁ ይገባል። መልሱ ካላረካ፣ አጣዳፊ ካልሆነ ቀዶ ሕክምና በፊት ሌላ ሐኪም ማማከር ይቻላል፤ ሜዲኬር የተባለው የአረጋውያን የጤና መድንም የዚህን ወጪ አብዛኛውን ክፍል ይሸፍናል።