ያውቁ ኖሯል? የያፋው ቤት እመቤት ከመቅደላ

በእስራኤል ያፋ ከተማ፣ ጀርመናውያን ሰፋሪዎች እ.ኤ.አ. በ1869 በሰፈሩበት መንደር «ቤት ኢማኑኤል» የተባለ አሮጌ ቤት ዛሬም የእንግዳ ማረፊያ ሆኖ ቆሟል። የባሮን ፕላቶ ፎን ኡስቲኖቭ መኖሪያ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1898 የጀርመኑ ቄሣር ዳግማዊ ቪልሄልም አርፈውበታል። የቤቱ እመቤት ማግዳሌና ግን የተወለዱት እዚሁ አገራችን፣ አፄ ቴዎድሮስ በወደቁበት በ1860 ዓ.ም.፣ መቅደላ ላይ ነው! አባታቸው ሞሪትዝ ሆል ጋፋት ላይ ለንጉሡ መድፍ ካቀለጡት ባለሙያዎች አንዱ ነበሩ። እናታቸው ወለተ ኢየሱስ ደግሞ ከኢትዮጵያዊት እናትና ከጀርመናዊው ሠዓሊ ከኤድዋርድ ዛንደር የተወለዱ ናቸው።  ሁለት ጊዜ ኦስካር የተሸለመው ተዋናይ ፒተር ኡስቲኖቭም የማግዳሌና የልጅ ልጅ ነው።