እንቅርትና የእናትነት ተስፋ

ጎሬ ዝናብ ከሚበዛባቸው የአገራችን ከተሞች አንዷ ናት። ይህ ዝናብ ደኑንና ቡናውን የሚያለመልመውን ያህል፥ አዮዲን የተባለውን ንጥረ ነገር ከደጋው አፈር እያጠበ ወደ ወንዝ ይወስደዋል። አፈሩ ያጣውን እህሉ፥ እህሉ ያጣውን ሰው ያጣዋል። በኢሉባቦር ደጋ እንቅርት የታወቀ በሽታ የሆነው ስለዚህ ነው።

እንቅርት መልክን ከማበላሸት በቀር ጉዳት የለውም የሚሉ ብዙዎች ናቸው። እኛ ግን በዚህ ወር ልናስረዳ የፈለግነው በአንገት ላይ ስለሚታየው ሳይሆን በማኅፀን ውስጥ ስለሚደርሰው ነው።

በጉሮሮ ፊት ለፊት ታይሮይድ የሚባል የቢራቢሮ ቅርጽ ያለው ዕጢ ይገኛል። ሥራውም አዮዲንን ተጠቅሞ፥ የሰውነትን የኃይል አጠቃቀም የሚመራውን ሆርሞን ማዘጋጀት ነው። አዮዲን ሲጎድለው ያለችውን ጥቂት ለመሰብሰብ ሲደክም ያብጣል። ሆርሞኑ ካነሰ ሴቲቱን ብርድ ብርድ ይላታል፥ ትዝላለች፤ የወር አበባዋ ይዛባል፤ ዕንቁላሏም በጊዜው ሳይለቀቅ ይቀራል። እንዲህ ያለችው ሴት ሳትመረመር «መካን» ተብላ ከትዳርዋ ብትለይ ትልቅ በደል ነው፤ በመድኃኒት ልትረዳ ትችል ነበርና። (ልጅ የማጣት ምክንያት ከባልም ሊሆን ስለሚችል፥ ሁለቱም አብረው ቢመረመሩ ይገባል።)

ከፀነሰች በኋላ ነገሩ ይበልጥ ይከብዳል። ጽንሱ የራሱን ሆርሞን መሥራት የሚጀምረው ከ3ኛው ወር ገደማ በኋላ ሲሆን፥ እስከ እርግዝናው እኩሌታ ድረስ አንጎሉ የሚያድገው በአብዛኛው እናቱ በምትሰጠው ነው። የእርስዋ ሆርሞን እጅግ ካነሰ ጽንሱ ሊወርድ፥ ሞቶ ሊወለድ ወይም በአእምሮና በመስማት ተጎድቶ ሊያድግ ይችላል። በማኅፀን የደረሰውን የአንጎል ጉዳት ኋላ የሚሰጥ መድኃኒት አይመልሰውም።

ዕጢው ከመጠን በላይ ሲሠራም ልብ ይመታል፥ እጅ ይንቀጠቀጣል፥ እየበሉ መክሳት ይመጣል፤ ይህም ካልታከመ ለእናትም ለጽንስም አደገኛ ነው። ሁለቱም ዓይነት ሕመም አንገት ሳያብጥ ሊኖር ስለሚችል፥ የሚለየው በደም ምርመራ ነው።

ስለዚህ አንገቷ ያበጠ፥ ጽንስ የሚወርድባት ወይም መፀነስ ያቃታት ሴት ወደ ጤና ጣቢያ ትሂድ፤ ባለሙያውም እንደ አስፈላጊነቱ ወደ መቱ ካርል ሆስፒታል ሊልካት ይችላል። አንገትን መነቀስ እንቅርትን አያድንም፤ ይልቁንም በአንድ መርፌ ብዙ ሰው ሲነቀስ የጉበት በሽታን ያስተላልፋል። የታይሮይድ መድኃኒት የምትወስድ ሴት ማርገዟን እንዳወቀች መድኃኒቱን ሳታቋርጥ ሐኪሟን ታማክር፤ አብዛኛውን ጊዜ መጠኑ መጨመር አለበትና።

ለአዋቂ ሰው በቀን 150፥ ለነፍሰ ጡር ደግሞ 250 ማይክሮግራም አዮዲን ይበቃል። የዕድሜ ልኩ ቢደመር አንድ የሻይ ማንኪያ አይሞላም። ለምግብ የሚሸጥ ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲጨመርበት የሚኒስትሮች ምክር ቤት በ2003 ዓ.ም. በደንብ ወስኗል፤ ነገር ግን አዮዲን እርጥበትና ፀሐይ ስለሚያጠፉት በጎሬ አየር ጨውን ክፍት ማስቀመጥ ጥቅሙን ማባከን ነው። አዮዲን ያለበት መሆኑ የተጻፈበትን ጨው ገዝቶ፥ ሳያጥቡ፥ በሚገጥም ክዳን ዘግቶ ከምድጃ አርቆ ማኖር፥ ወጥ ውስጥም ሊወጣ ሲል መጨመር ይገባል።