ባለቤት ሲቀየር ስሙ የማን ነው? የሜታ ቢራ ዕጣና የደቡብ መስመር ነጋዴ

በሰበታ የሚገኘው ሜታ አቦ ቢራ ፋብሪካ በ10 ዓመት ጊዜ ውስጥ ሁለት ጊዜ ባለቤት ቀይሯል። በ2004 ዓ.ም. ከመንግሥት እጅ ወጥቶ በ225 ሚሊዮን ዶላር ለእንግሊዙ ዲያጆ ተሸጠ። በሚያዝያ 2014 ዓ.ም. ደግሞ ዲያጆ ፋብሪካውን የፈረንሳዩ ካስቴል ቡድን ንብረት ለሆነው ለቢጂአይ ኢትዮጵያ አስረክቧል። ሽያጩ በዚህ ተዘጋ። ያልተዘጋው ጥያቄ ግን የስሙ ጉዳይ ነው። የገዢው ዋና ምልክት ቅዱስ ጊዮርጊስ ቢራ ነው። በአንድ ቤት ሁለት አንጋፋ ስሞች አብረው ይዘልቃሉ ወይስ አንዱ ለሌላው ቦታ ይለቃል?

ጥያቄው የሰበታና የአዲስ አበባ ብቻ አይደለም። ከወላይታ ሶዶ ተነስቶ በምዕራብ ዓባያ ብርብርን አቋርጦ አርባ ምንጭ በሚገባው መንገድ ላይ ያለ አከፋፋይ፣ ጅምላ ሻጭና ባለሆቴል ሁሉ የሚገዛው ከፋብሪካ ሳይሆን ከስም ነው። ስሙ ሲዳከም ኪሳራው መጀመሪያ የሚሰማው ፋብሪካው በር ላይ ሳይሆን ከፋብሪካው ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ በሚገኘው መጋዘን ውስጥ ነው።

ገዢ ምን ይገዛል?

አንድ ፋብሪካ ሲሸጥ በዝርዝሩ ላይ ሕንፃው፣ ማሽኑ፣ ጋኑና ይዞታው ይሰፍራል። ከእነዚህ ጋር ግን በዓይን የማይታዩ ሦስት ነገሮች አብረው ይሸጣሉ። እነሱም የንግድ ምልክቱ፣ የአከፋፋዮች መረብና የጠጪው ልማድ ናቸው። ሦስቱን ለማፍራት ብዙ ዓመታት ይጠይቃል። ሜታ በ1950ዎቹ ተመሥርቶ፣ በ1967 ዓ.ም. በደርግ ተወርሶ፣ ከሦስት ሥርዓት መንግሥት በላይ ስሙን ሳይለውጥ ዘልቋል። የሰበታ ውሃም የስሙ አካል ሆኖ ኖሯል።

ይሁን እንጂ ሁሉም ገዢ የሚፈልገው አንድ ዓይነት ነገር አይደለም። አንዱ ስሙን ፈልጎ ይገዛል፣ ፋብሪካው ትርፍ ነው። ሌላው ፋብሪካውን፣ ውሃውንና ቦታውን ፈልጎ ይገዛል፣ ስሙ ትርፍ ይሆናል። ሦስተኛው ተፎካካሪ እንዲቀንስለት ይገዛል። የስሙ ዕድሜ የሚወሰነው ገዢው ከሦስቱ በየትኛው ምክንያት እንደገዛ ነው።

ዲያጆ በ2004 ዓ.ም. ሲገባ ከመጀመሪያው ወገን ነበር ማለት ይቻላል። በኢትዮጵያ የራሱ የቢራ ፋብሪካ ስላልነበረው የሜታን ስም መያዝ ግድ ይለው ነበር። በኋላም ዘመንና አዝመራ የተባሉ ቢራዎችን ጨመረ። ገበያው ግን ተጨናነቀ። ሄኒከን ቀደም ብሎ በ2003 ዓ.ም. ሐረርንና በደሌን በ163 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ገዝቶ ነበር። ቀጥሎ በቂሊንጦ አዲስ ፋብሪካ አቁሞ ዋልያን ይዞ መጣ። ሐበሻ ከደብረ ብርሃን ገባ፣ ዳሽንም ተስፋፋ። ዲያጆ እ.ኤ.አ. በ2020 በጀት ዓመት ሪፖርቱ የሀብት ዋጋ ቅነሳ ከመዘገበባቸው አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች። በሂሳብ ቋንቋ ይህ ማለት የተገዛው ነገር የተከፈለበትን ያህል እንደማያወጣ ባለቤቱ ራሱ አመነ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ሽያጩ መምጣቱ አያስገርምም።

ቢጂአይ ግን እንግዳ ገዢ አይደለም። ካስቴል እ.ኤ.አ. በ1998 የቅዱስ ጊዮርጊስ ቢራን ከመንግሥት ገዝቶ የገባ ሲሆን በኮምቦልቻና በሐዋሳም ፋብሪካዎች አሉት። የአዲስ አበባ ሥራውን ከሜክሲኮ አካባቢ ወደ ሰበታ ለማዛወር ማቀዱም ሲዘገብ ቆይቷል። ቦታውና ውሃው ከስሙ ያላነሰ ማራኪ መሆናቸውን ይህ ያመለክታል። ለሜታ ስም አሳሳቢው ነገር እዚህ ላይ ነው።

ከቢላ ገበያ የሚገኝ ትምህርት

ስም ከባለቤት ወደ ባለቤት ሲተላለፍ ምን እንደሚሆን ለማየት የቢላ ንግድ ጥሩ ማሳያ ነው። ቢላ ገዢ የብረቱን ጥንካሬ በዓይኑ ማየት አይችልም። በጋሞ ደጋ እንሰት የሚቆርጠውም ሆነ በምዕራብ ዓባያ ቆላ የሙዝ ዘለላ የሚያወርደው ሰው ስለቱን የሚያውቀው ከሠራበት በኋላ ነው። ስለዚህ ሲገዛ የሚያምነው ስሙን ነው። ቢራም እንዲሁ ነው፤ ጠርሙሱ ሳይከፈት ጣዕሙ አይታወቅም።

ለስዊዘርላንድ ጦር ኪስ ቢላ ያቀርቡ የነበሩት ሁለት ኩባንያዎች ቪክቶሪኖክስና ዌንገር ነበሩ። ከመቶ ዓመት በላይ ጎን ለጎን ከኖሩ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2005 ቪክቶሪኖክስ ዌንገርን ገዛ። ወዲያው የተዘጋ ነገር አልነበረም። ሁለቱ ስሞች 8 ዓመት አብረው ተሸጡ። በ2013 ግን ቢላዎቹ ሁሉ በቪክቶሪኖክስ ስም እንዲሸጡ ተወሰነ። የዌንገር ስም ለሰዓትና ለጉዞ ሻንጣ ብቻ ተረፈ። ፋብሪካው ዳነ፣ ስሙ ከቢላ ወጣ።

የአሜሪካው ሽሬድ ታሪክ ደግሞ ተቃራኒው ነው። በኒው ዮርክ ግዛት ኤለንቪል ከተማ የነበረው ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ2004 ተዘጋ፣ ሠራተኛውም ተበተነ። ስሙን ግን ሌላ ኩባንያ ገዝቶ በቻይና በተሠራ ቢላ ላይ አተመው። በ2016 ያንን ኩባንያ ደግሞ ስሚዝ ኤንድ ዌሰን በ85 ሚሊዮን ዶላር ጠቀለለው። እዚህ ስሙ ዳነ፣ ፋብሪካው ሞተ። የድሮ ደንበኞች ስሙን ያውቁታል፤ ብረቱ ግን የድሮው አይደለም።

ሁለቱ ታሪኮች ለነጋዴ የሚሰጡት ትምህርት አንድ ነው። የስም መጥፋት በአንድ ቀን አይመጣም። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሁሉም ነገር እንደነበረ ይቀጥላል። ለውጡ የሚመጣው አዲሱ ባለቤት ሁለት ስም መያዝ ከአንድ ስም የበለጠ ወጪ እንዳለው ሲያሰላ ነው።

ከአገር ውስጥ ልምድ

በኢትዮጵያ ያለው ልምድ የተደባለቀ ነው። እ.ኤ.አ. በ1922 የተመሠረተው ቅዱስ ጊዮርጊስ ቢራ ለውጭ ባለሀብት ከተሸጠ በኋላ ስሙ አልጠፋም፤ እንዲያውም ገነነ። የአምቦ ውሃም በ2001 ዓ.ም. ሳብሚለር ከገባበት በኋላ፣ ሳብሚለር ራሱ እ.ኤ.አ. በ2016 በኤቢ ኢንቤቭ ቢዋጥም፣ አምቦ አምቦ ሆኖ ቀጥሏል። ሁለቱም ስሞች በየገዢያቸው ቤት በዘርፋቸው ተቀናቃኝ አልነበራቸውም።

የሐረርና የበደሌ ጉዳይ ከዚህ ይለያል። ስሞቹ አልተሰረዙም። ይሁንና ሄኒከን ዋልያን ካወጣ በኋላ ትልቁ የማስተዋወቂያ ገንዘብና ጉልበት ወደ አዲሱ ስም ሄደ። ከዚህ አንጻር ሲታይ ሜታ የሚገኘው በአስቸጋሪው ወገን ነው፤ የገባው ሌላ አንጋፋ ቢራ ወዳለበት ቤት ነውና።

በሌላ በኩል ለሜታ የሚያደላ አንድ ትልቅ ምክንያት አለ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ የአልኮል መጠጥ በሬዲዮና በቴሌቪዥን እንዳይተዋወቅ ከልክሏል። ዋልያ በወጣበት ዘመን አዲስ ስም በማስታወቂያ ጎርፍ ማስለመድ ይቻል ነበር። አሁን ያ በር ጠቧል። አዲስ ስም መፍጠር ሲከብድ ጠጪው አስቀድሞ የሚያውቀው ስም ዋጋው ይጨምራል። ይህን የሚያሰላ ባለቤት ሜታን ከመጣል ይልቅ ለተወሰነ አካባቢ ወይም ለተወሰነ የዋጋ እርከን ለይቶ ሊይዘው ይችላል።

የአከፋፋዩ ሂሳብ

የቢራ ንግድ በሚመለስ ጠርሙስና ሳጥን ላይ የተመሠረተ ነው። አከፋፋዩ ቢራውን ብቻ ሳይሆን ባዶውንም በገንዘቡ ይይዛል። ለምሳሌ ያህል 2,000 ሳጥን ያለውና በአንዱ 500 ብር ማስያዣ የከፈለ አከፋፋይ ቢኖር 1 ሚሊዮን ብሩ በባዶ ሳጥን ላይ ተኝቷል ማለት ነው። ይህ ሳጥን በወር 4 ጊዜ ቢመላለስና በሳጥን 20 ብር ቢተርፈው ወርኃዊ ገቢው 160 ሺህ ብር ይሆናል። ስሙ ተዳክሞ ሳጥኑ በወር 1 ጊዜ ብቻ ቢንቀሳቀስ ገቢው ወደ 40 ሺህ ብር ይወርዳል። የመጋዘን ኪራይ፣ የጫኝና አውራጅ ክፍያና የሾፌር ደሞዝ ግን አይወርዱም።

የመንገዱ ነገርም አለ። ባለቤቱ በሐዋሳ ፋብሪካ ካለው ለጋሞና ለአካባቢው ገበያ ከሰበታ ከማስጫን ይልቅ ከሐዋሳ ማስጫን ሊያዋጣው ይችላል። ከሰበታ ብቻ የሚወጣ ስም በዚህ ስሌት ሩቅ መንገድ ላይ ይከብዳል። ስሙ እዚህ እንዲቆይ ከተፈለገ ወይ ማጓጓዣውን የሚሸፍን ሽያጭ ያስፈልገዋል፣ ወይ በቅርብ ፋብሪካ መጠመቅ ይኖርበታል። ሁለተኛው ከሆነ ደግሞ ጠጪው የሰበታውን ውሃ ጣዕም አጣሁ ማለቱ አይቀርም። ሽሬድ ላይ የደረሰው ጥያቄ እዚህም ይነሳል ማለት ነው።

ስለዚህ ውል የሚዋዋል አከፋፋይ አራት ምልክቶችን በቅርብ ቢከታተል ይበጀዋል። አንደኛ፣ በበዓል ሰሞን አቅርቦት ሲያጥር መጀመሪያ የሚቀነሰው የትኛው ስም እንደሆነ። ሁለተኛ፣ አዲስ ጠርሙስና ሳጥን ለየትኛው ስም እንደሚመጣ። ሦስተኛ፣ ለባለሆቴሎች የሚሰጠው ማቀዝቀዣ የማን ምልክት እንደተለጠፈበት። አራተኛ፣ የውክልና ውሉ ለአንድ ስም ነው ወይስ ለኩባንያው ምርቶች ሁሉ። የመጨረሻው ከሁሉም ይከብዳል። ውሉ በአንድ ስም ብቻ ከታሰረና ስሙ ከገበያ ቢወጣ ባዶውን ሳጥን ማን በስንት እንደሚረከብ አስቀድሞ መጻፍ አለበት።

ሕጉ ምን ይላል?

የንግድ ምልክት በአዋጅ ቁጥር 501/1998 ይተዳደራል። ምዝገባው ለ7 ዓመት የሚጸና ሲሆን በየጊዜው ይታደሳል። የምልክቱ ባለቤት መሸጥ፣ ማከራየት ወይም ማስቀመጥ ይችላል። ይሁን እንጂ ለተከታታይ 3 ዓመት ያልተጠቀመበት ምልክት በአቤቱታ ሊሰረዝ ይችላል። ሕጉ ባለቤትን አምርት ብሎ አያስገድድም። ስሙን ሌላ ሰው እንዳያነሳበት የሚፈልግ ባለቤት ግን ምርቱን በመጠኑም ቢሆን ገበያ ላይ ማቆየት ይኖርበታል። ብዙ አንጋፋ ስሞች ሳይሞቱም ሳያድጉም የሚቆዩት በዚህ ምክንያት ጭምር ነው።

የኩባንያዎች ውህደትም በአዋጅ ቁጥር 813/2006 መሠረት ለሚመለከተው የመንግሥት አካል ቀርቦ መመርመር አለበት። ምርመራው የሚያየው የገበያ ውድድር እንዳይጎዳ ነው፤ የአንድን ስም ዕድሜ ለማስረዘም የተሰጠ ሥልጣን አይደለም።

ባለቤት የሌለው ስም

ጉዳዩ ለጋሞ ነጋዴና አምራች ሌላም ጥያቄ ያስነሳል። ሜታ ቢያንስ ባለቤቱ የሚታወቅ ስም ነው። በምዕራብ ዓባያና በአርባ ምንጭ ዙሪያ የሚመረተው ሙዝ በአዲስ አበባ የፍራፍሬ መሸጫዎች «የአርባ ምንጭ ሙዝ» ተብሎ ይጠራል። ሸማቹ በስሙ ይገዛል። ከሌላ አካባቢ የመጣ ሙዝ በዚሁ ስም ቢሸጥ ግን አምራቹ ምን ብሎ ይከራከራል? ኢትዮጵያ የይርጋ ጨፌን፣ የሲዳሞንና የሐረርን ቡና ስሞች በውጭ አገር በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ ስትንቀሳቀስ ከስታርባክስ ጋር እስከ መካረር ደርሳ በ2007 በስምምነት ቋጭታለች። በአገር ውስጥም አዋጁ የጋራ የንግድ ምልክት ማስመዝገብን ይፈቅዳል። ዩኒየኖችና ኅብረት ሥራ ማኅበራት ይህን መንገድ ሊጠቀሙበት ይችላሉ።

በሜታ ላይ የሚወስነው የስሙ ባለቤት ነው። የደቡብ መስመር አከፋፋይ ማድረግ የሚችለው ውሉን ማጥበቅ፣ ሳጥኑን መቁጠርና ካፒታሉን በአንድ ስም ላይ አለመከመር ነው። የሙዝ አምራቹ ግን ከዚህ የተሻለ ዕድል አለው። ስሙን ገና ማንም አልገዛውም።