የማዕድ ላይ ወሬ ባለቤቱ ማነው?

ባለፈው ጥር ለግል ጉዳይ ድሬዳዋ ወርጄ በነበረበት ሰሞን አንድ ወዳጄ መልካ ጀብዱ ወዳለው ቤቱ ምሳ ጠራኝ። መልካ ጀብዱ ከከተማዋ በስተምዕራብ፣ ወደ ሁርሶ በሚወስደው መንገድ ላይ ናት። አዲሱ የባቡር ጣቢያ የተሠራው በዚያው አቅጣጫ ስለሆነ ዛሬ ስሟን የማያውቅ መንገደኛ የለም። ጥላ ሥር ምንጣፍ ተነጥፎ፣ ሩዝ ላይ የተጋደመ የፍየል ሥጋ በሰፊ ትሪ ቀረበልን። ስድስት ነበርን። ከእኔ በቀር ሁሉም ቢያንስ አንዳንድ መጽሐፍ ያሳተሙ ናቸው።

ጨዋታው እንደተለመደው በወረቀት ዋጋና በማተሚያ ቤት ወረፋ ተጀመረ። ደራስያን በተሰበሰቡበት ይህ ሳይነሳ ምግብ አይዋጥም መሰለኝ። ደግነቱ ቶሎ ወደ አጻጻፍ ገቡ። አንደኛው የልቦለዱን የመጀመሪያ ሁለት ገጽ ሁልጊዜ ጽፎ እንደሚጥለው ነገረን፤ «እሱ ለእኔ ማሟሟቂያ ነው፣ አንባቢ ምን በደለ?» አለ። ሌላው ደግሞ ምልልስ ሲጽፍ ጮክ ብሎ እያነበበ ስለሆነ፣ ባለቤቱ «ከማን ጋር ነው የምትጣላው?» እያለች ከጓዳ ትወጣለች። የድሬ ልጅ እንደ አዲስ አበባ ሰው ሲያወራ ያነበበ ቀን መጽሐፉን እንደሚዘጋውም ጨመረ።

በዚህ መሃል በዕድሜ የሚበልጡን ጡረተኛ መምህር እጃቸውን ከትሪው ሰበሰቡ። «እኔስ ከእንግዲህ ማዕድ ላይ ታሪክ አላወራም» አሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከዓመታት በፊት እንዲሁ እንደ እኛ ተሰብስበው ሲበሉ ስለ እናታቸው አጫውተው ነበር። እናታቸው በድሮው ባቡር ኮንትሮባንድ ይነግዱ ነበር። ፈታሾች እንዳይዙባቸው አምስት ቀሚስ ደራርበው ለብሰው ይመጡና፣ በዚያ ሙቀት ቤት ገብተው አንድ በአንድ ሲያወልቁ ልጆቹ ቀሚሶቹን ይቆጥራሉ። አምስቱም ከደረሱ ያ ሳምንት የጥጋብ ነው። ሦስት ከሆኑ፣ መንገድ ላይ ሁለቱን የወሰደ ሰው አለ ማለት ነው። (ይህን እዚህ የማሰፍረው መምህሩን አስፈቅጄ ነው።) በዓመቱ፣ ከበላተኞቹ አንዱ ያሳተመው የአጫጭር ልቦለዶች መድበል እጃቸው ገባ። አምስቱ ቀሚሶችም፣ የሚቆጥሩት ልጆችም እዚያ ውስጥ አሉ። የምስጋና ቃል ግን የለም። ሰውየው ሲጠየቅ «አቦ፣ ወሬ የማን ነው!» አለ አሉ።

«ሃያ ዓመት ልጽፈው ሳስብ ነበር። አሁን ብጽፈው ሌባው እኔ ነው የምመስለው» አሉ መምህሩ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «አንተ ሕግ ተምረሃል አይደል? እስቲ ፍረድ» አሉኝ።

በባዶ ሆድ እንኳ የሚከብድ ጥያቄ ነው። እዚያ ተንተባትቤ የመለስኩትን እዚህ ዘርዘር ላድርገው።

የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ከመጽሐፍና ከሙዚቃ ሌላ ንግግርን፣ ስብከትንና የመሳሰሉትን በቃል የሚቀርቡ ሥራዎችንም ያውቃል። ስለዚህ «በቃል ስለሆነ አይጠበቅም» የሚለው ስህተት ነው። ነገር ግን አንቀጽ 6 ሁለት ነገር ይጠይቃል። አንደኛ ሥራው ወጥ፣ ማለትም የራስ ፈጠራ ሊሆን ይገባል። ሁለተኛ በጽሑፍ፣ በድምፅ ወይም በሌላ ግዙፍ ነገር ላይ የሰፈረ መሆን አለበት። ማስመዝገብ ግዴታ አይደለም፤ ማስፈር ግን ግዴታ ነው። አንቀጽ 5 ደግሞ ሐሳብን ከጥበቃው ውጭ ያደርገዋል። ሕጉ የሚጠብቀው ሐሳቡ የተገለጸበትን መንገድ እንጂ ሐሳቡን ራሱን አይደለም። መምህሩ ታሪካቸውን ከማውራታቸው በፊት በደብተር ጽፈውት ቢሆን ኖሮ፣ ወይም ሲያወሩ ቴፕ ተከፍቶ ቢሆን፣ ያ ሰው ዐረፍተ ነገራቸውን መቅዳት አይችልም ነበር። እናትየውን፣ ባቡሩንና ቀሚሶቹን በራሱ ቃላት ከመጻፍ ግን ያኔም የሚከለክለው ሕግ አላገኝም።

ይህ የእኛ አገር ጭካኔ ብቻ አይደለም። ስቲቭ ዶናሁ የሚባል ዝነኛ እንግሊዛዊ ፈረስ ጋላቢ የሕይወት ገጠመኙን ለጋዜጠኛ አወራ፤ ጋዜጠኛው ጽፎ አሳተመ። ጋላቢው የባለቤትነት ክስ ቢያቀርብም፣ በ1937 (እ.ኤ.አ.) የእንግሊዝ ፍርድ ቤት ታሪኩን ያቀረበ ሳይሆን በቃላት የቀረጸው ሰው ደራሲ ነው ብሎ ፈረደ። ኧርነስት ሄሚንግዌይ በ1961 ከሞተ በኋላ ደግሞ ወዳጁ ሆችነር አብረው ሲበሉና ሲጠጡ የተጨዋወቱትን ሁሉ «ፓፓ ሄሚንግዌይ» ብሎ በመጽሐፍ አወጣው። ሚስትየው ከሰሰች። የኒው ዮርክ የይግባኝ ፍርድ ቤት በ1968 ክሷን አልተቀበለውም። ሆኖም በጨዋታ ላይ የሚነገር ቃል ምን ጊዜም ጥበቃ አያገኝም ለማለትም አልደፈረም፤ ሄሚንግዌይ በሕይወት ሳለ ወሬዬን አትጠቀሙበት የሚል ምልክት አላሳየም ሲል አለፈው። ይህን ነጥብ ልብ ይሏል።

ወደ ቤታችን እንመለስ። ዘነበ ወላ ከስብሐት ገብረ እግዚአብሔር ጋር ስለ ሕይወትና ስለ ድርሰት የተጨዋወተውን በ1993 ዓ.ም. «ማስታወሻ» ብሎ ባያሳትመው ኖሮ፣ ስብሐት በ2004 ዓ.ም. ሲያርፍ ምን ያህል ቁም ነገር አብሮት በተቀበረ ነበር! ግን እዚያ መጽሐፍ ላይ ተናጋሪው በስሙ አለ፤ ጸሐፊውም ጸሐፊ መሆኑን አልደበቀም። የበዓሉ ግርማ «ደራሲው» ሌላ ዓይነት ነው። ሲራክ የተቀረጸው ከስብሐት ነው ሲባል የኖረ ቢሆንም፣ ልቦለድ ነውና ስሙ ተለውጧል፤ ሰውየውም በበዓሉ እጅ ሌላ ሰው ሆኗል። ወዳጅ ከወዳጁ ሕይወት መቅዳቱ በራሱ ኃጢአት ቢሆን ኖሮ ግማሹ ሥነ ጽሑፋችን ፍርድ ቤት በቆመ ነበር።

በእኔ እምነት ሕጉ መስመሩን ያሰመረበት ቦታ ትክክል ነው። ሐሳብ ባለርስት ቢኖረው ማንም ብዕር አያነሳም። ነገር ግን ሕጉ ዝም ያለበት ቦታ ሁሉ የተፈቀደ ነው ብሎ የሚያስብ ደራሲ የሕግ ተማሪ እንጂ የማዕድ ሰው አይደለም። «ጋሼ፣ ይህቺን ልጻፋት?» ብሎ ለመጠየቅ ግማሽ ደቂቃ ይበቃል። ሳይጠይቅ የወሰደው ሰው የነጠቀው የመምህሩን ታሪክ ብቻ አይደለም። አብዛኛው ደራሲያችን አጻጻፍ የሚማረው ከትምህርት ቤት ይልቅ እንዲህ ካለው ትሪ ዙሪያ ነው፤ ትልልቆቹ ዝም ካሉ ወጣቶቹ ከማን ይሰማሉ?

ለመምህሩ የሰጠሁት ምክር ግን ሌላ ነው። «ይጻፉት» አልኳቸው። ያ ሰው መብት ያለው በራሱ ዐረፍተ ነገሮች ላይ ብቻ ነው፤ የእርስዎን እናት ሕይወት ግን እሱም ሆነ ማንም የግሉ ሊያደርገው አይችልም። እንዲያውም እሱ ያላያቸው ነገሮች አሉዎት፦ የቀሚሶቹ ቀለም፣ የላቡ ሽታ፣ ሦስት ብቻ የተቆጠረ ቀን ቤቱ ውስጥ የነበረው ዝምታ። መምህሩ «ቀለማቸውማ...» ብለው ጀመሩና ተዉት።

ትሪው ተነስቶ ሻይ መጣ። ፀሐዩ በረድ ብሏል። መምህሩ ድንገት ስለ አባታቸው አንድ ነገር ሊያወሩ ብለው፣ ቆም አደረጉና ዙሪያቸውን አዩ። ከሁላችን የሚያንሰው ወጣት ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ፣ አጥፍቶ፣ ትሪው በነበረበት ቦታ በግንባሩ ደፋው። እኛም አንድ በአንድ እንደዚያው አደረግን።

ታሪኩ ረጅም ነበር፤ ሻዩ ሁለቴ ተቀድቷል። እሱን ለመጻፍ ግን አላስፈቀድኩም።