ከሼክስፒር ቴያትሮች ማናቸው ይበልጣል?
ከናይሮቢ የታየ ፍርድ

እንግሊዛዊው ባለቅኔ ዊልያም ሼክስፒር በ1616 ካረፈ ወዲህ ከአራት መቶ ዓመት በላይ አልፏል፤ ነገር ግን ከቴያትሮቹ ማናቸው እንደሚበልጥ ሊቃውንቱ እስከ ዛሬ አልተስማሙም። (በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።) አንዳንዶቹ ሰው ከገዛ ልቡ ጋር የሚያደርገውን ሙግት ስለሚገልጽ ሐምሌትን ያስቀድማሉ። ሌሎቹ ደግሞ መንግሥቱን ለልጆቹ አካፍሎ ክብሩን ብቻ ይዞ ሊቀር ያሰበውን ሽማግሌ ንጉሥ፥ ሊርን፥ ይመርጣሉ። ሁለቱም ወገኖች በቂ ምክንያት አላቸው። ይሁን እንጂ ነገሩን ከለንደን ሳይሆን ከናይሮቢ ሆኖ የተመለከተ ሰው ሌላ ፍርድ ለመስጠት ይገደዳል።

ሼክስፒር ወደ ናይሮቢ የገባው ከገዥዎቹ ጋር ነው። የኬንያ ብሔራዊ ቴያትር ቤት በኖቬምበር 1952 ሲከፈት በአገሩ የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ከታወጀ ጥቂት ሳምንት ብቻ ሆኖት ነበር። ከከተማው አጠገብ በኪኩዩ በሚገኘው በአላያንስ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተማሪዎች በየዓመቱ አንድ የሼክስፒር ቴያትር ያሳዩ ነበር፤ ከ1955 እስከ 1958 በዚያ የተማሩት ደራሲ ንጉጊ ዋ ቲዮንጎም ይህንኑ በሕይወት ታሪካቸው ጽፈውታል። እኚሁ ደራሲ ኦክቶበር 24 ቀን 1968 ከሁለት ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው፥ በናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ክፍል እንዲቀርና የአፍሪካ ሥነ ጽሑፍ የትምህርቱ መካከል እንዲሆን ጠየቁ። የሌላው ዓለም መጽሐፍ አይነበብ አላሉም፤ ሰው በመጀመሪያ በራሱ አገር ቆሞ ሌላውን ይመልከት አሉ እንጂ። ከዚያ ወዲህ «ማናቸው ይበልጣል?» የሚለው ጥያቄ «ለማን? መራጩስ ማን ነው?» የሚል ጥያቄ አስከተለ።

ለዚህ ጥያቄ ከጎረቤት አገር በሥራ የተገለጸ መልስ ተገኝቷል። የታንጋኒካው ፕሬዚደንት ጁልየስ ኔሬሬ የመንግሥት ሥራ ሳያግዳቸው በ1963 «ዩልየስ ቄሣር»ን፥ በ1969 ደግሞ «የቬኒስ ነጋዴ»ን ወደ ስዋሂሊ ተረጐሙ። የሁለተኛውን ርእስ «ማቤፓሪ ዋ ቬኒሲ» አሉት። «ቤፓሪ» ከሕንድ ነጋዴዎች ቋንቋ የመጣ ቃል ሲሆን መነሻ ትርጉሙ ነጋዴ ማለት ነው፤ በዚያ ዘመን ግን ሰውን የሚበዘብዝ ባለሀብት ማለት ሆኖ ነበር። ደግሞም ቃሉ የብዙ ቍጥር ነው። እንግሊዝኛው አንድ ነጋዴ ሲል ስዋሂሊው ነጋዴዎቹን ሁሉ ለፍርድ አቀረበ። በአንድ ቃል ምርጫ ቴያትሩ ዜግነቱን ለወጠ ማለት ነው።

ነጋድያን አንባቢዎቻችን ምናልባት ይህንኑ ቴያትር ያስቀድሙ ይሆናል። በባሕር ላይ ያለ መርከብ፥ የሦስት ሺሕ ዱካት ብድር፥ የሦስት ወር ቀጠሮ፥ የዋስትና ውል፤ ይህ ሁሉ ለወደብ ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። ነገር ግን የችሎቱ ክርክር የሚፈጸመው በቃል አተረጓጐም ብልሃት ነው፤ የተሸነፈው አበዳሪም ገንዘቡን ካጣ በኋላ ሃይማኖቱን እንዲለውጥ ይገደዳል። ፍትሕ ብሎ ጀምሮ በቀል ላይ የሚያበቃን ሥራ ከሁሉ ይበልጣል ለማለት ያስቸግራል።

ስለዚህ በእኛ አስተያየት ቀዳሚነቱ የሚገባው ለ«ዩልየስ ቄሣር» ነው። አንደኛ፥ ወደ ሌላ ቋንቋ ሲሻገር ኀይሉን አያጣም፤ ጕልበቱ በነገሩ አሰካክ እንጂ በቃላት ጨዋታ ብቻ አይደለምና። ብሩቱስ በአደባባይ ለሕዝቡ የሚናገረው በስድ ንባብ ነው፤ ምክንያቱን ቈጥሮ ያስረዳል። አንቶንዮስ ግን በግጥም ይናገራል፤ ሬሳውን ያሳያል፥ ለእያንዳንዱ የሮማ ሰው ሰባ አምስት ድራክማ የሚያወርሰውን ኑዛዜ ያነባል፤ ከተማውም ይነዳል። ተርጓሚ ይህን ልዩነት ከጠበቀ ምሥጢሩን ሁሉ አሻገረ ማለት ነው። ሁለተኛ፥ በዚህ ቴያትር ፍጹም ክፉም ፍጹም ደግም የለም። ገዳዩ ቅን ሰው ነው፤ ሟቹም ያለ ነውር አይደለም። ሹም የሆነ ሰው ይህን አይቶ ራሱን ሳይመረምር አይወጣም።

ሦስተኛውና ከሁሉ የሚከብደው ግን አንድ አጭር ትርኢት ነው። ሲና የተባለ ባለቅኔ በመንገድ ሲሄድ ሕዝቡ ይይዘዋል። ከገዳዮቹ አንዱ ሲና ይባል ነበርና፥ እርሱ ሌላ ሰው መሆኑን ቢያስረዳም ስለ ስሙ ብቻ ያጠፉታል። ከዲሴምበር 2007 ምርጫ በኋላ በኬንያ በተነሣው ብጥብጥ ከ1,100 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ በናይሮቢም በኪቤራና በማታሬ ሰፈሮች ብዙዎች በስማቸውና በቋንቋቸው እየተለዩ ተጠቁ። ይህን ያየ የናይሮቢ ሰው ያን ትርኢት ለመረዳት ማብራሪያ አያስፈልገውም። በ1977 በሮበን ደሴት እስረኛ የነበሩት ኔልሰን ማንዴላም፥ እስረኞች በስውር በሚቀባበሉት የሼክስፒር መድበል ላይ ፊርማቸውን ያኖሩት በዚሁ ቴያትር ገጽ ላይ ነው።

የአማርኛ አንባቢ ግን ተቃውሞ ሊያቀርብ ይችላል፤ ጸጋዬ ገብረ መድኅን ኦቴሎን፥ ማክቤዝንና ሐምሌትን በአማርኛ ግጥም ካሰሙን በኋላ የቄሣር ንግግር ደረቅ ሊመስለው ይችላልና። እውነት ነው፤ ሐምሌት በጥልቀት፥ ኦቴሎ በሐዘን ይበልጡታል። የቄሣር የመጨረሻ ሁለት ክፍሎችም እንደ መጀመሪያዎቹ አያይዙም። ነገር ግን ሐምሌትን ያየ ሰው ስለ ራሱ ነፍስ እያሰበ ወደ ቤቱ ሲሄድ፥ ቄሣርን ያየ ሰው ስለ ጎረቤቱ እያሰበ ይሄዳል። ሕዝብን ለሚያስተዳድርና ከሕዝብ ጋር ለሚነግድ ሰው የሚያሻው ይህ ሁለተኛው ሐሳብ ነው።