ጭስ ማውጫ ያለው ድንኳን

ለአብዛኞቻችን ድንኳን ማለት ሠርግ ነው፤ ካልሆነም ለቅሶ። ይተከላል፣ እንግዳ ይስተናገድበታል፣ ጊዜው ሲያልፍ ተነቅሎ ይታጠፋል። በረዶ ላይ ተተክሎ፣ ውስጡ በሸሚዝ ተቀምጦ ቡና የሚፈላበት ድንኳን እንዳለ እኔም ሚኒሶታ ከመጣሁ በኋላ እስከ አራተኛው ክረምቴ ድረስ አላውቅም ነበር። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ነው ይዞኝ የሄደው፤ ከካናዳ ድንበር ብዙም ወደማይርቅ፣ ኢሊ ከምትባል ትንሽ ከተማ አጠገብ ወዳለ ደን። ጥር ነበር። ሐይቁ መኪና የሚሸከም በረዶ ሆኗል፤ ብርዱ ከዜሮ በታች 27 ዲግሪ። ያ አካባቢ በብርድ የታወቀ ነው፤ ከዚያው አቅራቢያ ታወር በምትባለው ቦታ እ.ኤ.አ. በየካቲት 1996 ከዜሮ በታች 51 ዲግሪ ተመዝግቧል።

የድንኳኑን በር ከፍቼ ስገባ ፊቴን የመታኝ ሙቀት ዛሬም አይረሳኝም። አንዲት የመሶብ ያህል ቁመት ያላት የላሜራ ምድጃ ጥግ ላይ ቆማ ትንደቀደቃለች። ከላይዋ የወጣው ቱቦ የድንኳኑን ጣሪያ አልፎ ወጥቷል። ከምሰሶ ምሰሶ በተወጠረ ገመድ ላይ የተሰቀሉት ካልሲዎች ይተናሉ። ጃኬቴን አወለቅኩ፣ ቀጥሎ ሹራቤን፤ በማግስቱ ደግሞ ጀበና ይዤ ባለመምጣቴ ስቆጭ ዋልኩ። ከዚያ ወዲህ አሥራ አንድ ክረምት አልፏል፤ ጀበናዬም አንድ ጊዜ ቀርታ አታውቅም።

ስለ አመራረጡ ብዙ አልልም። ሸራው ጥጥ ይሁን። ናይሎን አንድ ፍንጣሪ ሲያርፍበት ይቀልጣል፤ የተኛ ሰው ትንፋሽም ግድግዳው ላይ ውሃ ሆኖ ተመልሶ ይንጠባጠባል። በአንድ ካሬ ሜትር ከ300 እስከ 400 ግራም የሚመዝን ሸራ ለዚህ ሥራ ይበቃል። ከዚህ የከበደውን ሰው ተሸክሞ አይሄድም፤ በጣም የሳሳውም ዕድሜ የለውም። ሻጩ «ስድስት ሰው ይይዛል» ካላችሁ ሦስት ሰው ከነምድጃው ብላችሁ ተርጉሙት፤ ምክንያቱም ምድጃው ራሱ የሁለት ሰው ቦታ ይወስዳል፤ ዙሪያውም ባዶ መሆን አለበት። አዲስ ድንኳን ገዝታችሁ በቀጥታ ጉዞ አትውጡ። መጀመሪያ ግቢ ውስጥ ተክላችሁ በውሃ አርሱት፣ አድርቁት፣ ድገሙት። የጥጥ ክር ሲርስ ያብጣል፤ መርፌው በስፌቱ ላይ የተዋቸውን ቀዳዳዎች የሚደፍነው ያ እብጠት ነው። ይህን ሳያደርጉ ዝናብ ላይ ተክለው «ያፈሳል» ብለው የሚመልሱ ሰዎች ድንኳኑን በከንቱ ያማሉ።

የዚህ ዕቃ ታሪክ ደግሞ ሳይታሰብ ወደኛ ይመጣል። የአሜሪካ ሜዳማ አገር ነባር ሕዝቦች ቲፒ በሚባለው ሾጣጣ የቆዳ ድንኳናቸው ውስጥ መሐል ላይ እሳት አንድደው፣ ጭሱን በጫፉ ክፍተት ሲያስወጡ ኖረዋል። ሄንሪ ሆፕኪንስ ሲብሊ የተባለ የአሜሪካ ጦር መኮንን ይህን አይቶ በሸራ ሠራው፤ የባለቤትነት መብቱን እ.ኤ.አ. በ1856 አስመዘገበ። ወለሉ ከዳር እስከ ዳር 5 ሜትር ተኩል ገደማ፣ መሐሉ ላይ በሦስት እግር ብረት የቆመ አንድ ምሰሶ። አሥራ ሁለት ያህል ወታደሮች እግራቸውን ወደ መሐል ዘርግተው እንደ ጋሪ ጎማ ዘንጎች ይተኙበት ነበር። ምድጃውም የላሜራ ሾጣጣ ነው፤ ወለል የለውም፣ እሳቱ አፈሩ ላይ ይነዳል። የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ሲነሳ ሲብሊ ወደ ተገንጣዮቹ ደቡቦች ስለገባ ከእያንዳንዱ ድንኳን ይታሰብለት የነበረውን 5 ዶላር መንግሥት ከለከለው። ከጦርነቱ በኋላ የግብፁ ከዲቭ እስማኤል ከቀጠራቸው አሜሪካውያን መኮንኖች አንዱ ሆኖ እ.ኤ.አ. ከ1870 እስከ 1873 ካይሮ አገለገለ፤ ከዚያ ተሰናበተ። እዚያው የቀረው የሥራ ጓደኛው ዊልያም ሎሪንግ ግን እ.ኤ.አ. በ1876 ከግብፅ ጦር ጋር ጉራ ድረስ መጥቶ በአፄ ዮሐንስ ሠራዊት ተሸንፎ ተመልሷል። ምድጃዬን ባቀጣጠልኩ ቁጥር ጉራ ትዝ ትለኛለች።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ፤ ይህን ጽሑፍ ያስጀመረኝም እሱ ነው።

ልጅ ሳለሁ አዲስ አበባ በክረምት ከሰል የሚቀጣጠለው ደጅ ነበር። ይራገባል፣ ይጨሳል፣ እናቶቻችን «ጭሱ ይውጣለት» እያሉ ይጠብቃሉ። ቀይ ፍም ሲሆን ማንደጃው ወደ ቤት ይገባል፤ ቤቱ ይሞቃል፣ በሩ ይዘጋል። አንድ ምሽት የአክስቴ ልጅ ከጓደኛዋ ጋር በእንዲህ ያለ ክፍል ተኝታ ጎረቤት በር ሰብሮ አወጣቸው። ሁለቱም ተርፈዋል። በማግስቱ ቤተሰቡ በሙሉ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነበር፦ «ከሰሉ በደንብ ቀልቶ አልነበረም እንዴ?» በደንብ ቀልቶ ነበር። ሊገድላቸው የነበረውም እሱ ነው።

እንዲህ ያለ አደጋ ሲደርስ «በከሰል ጭስ ታፍነው» እንላለን፤ ዜናውም እንዲሁ ይላል። ቃሉ ራሱ ያሳስተናል። ጭስ ዓይን ያቃጥላል፣ ያስላል፣ ሰውን ከቤት ያስወጣል፤ በዚህም ያድነዋል። ገዳዩ ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን ቀለም የለው፣ ሽታ የለው፣ ጉሮሮ አይከረክር። የሚበዛውም ፍሙ ጭሱን ጨርሶ ሲያምር ነው። እንጨትም ከሰልም ተቃጥሎ ለመጨረስ በቂ አየር ይፈልጋል። ፍም ተከምሮ ሲቀመጥ አየር ወደ መሐሉ እንደልቡ አይደርስም፤ ስለዚህ ቃጠሎው ግማሽ መንገድ ላይ ይቀራል፤ የቀረውም ጋዝ ሆኖ ይወጣል። ጨለማ ውስጥ ፍም ላይ አፍጥጣችሁ ታውቁ እንደሆነ፣ አንዳንዴ ስስ ሰማያዊ ነበልባል ከላዩ ሲወዛወዝ አይታችኋል። ያ የሚነደው ጋዙ ነው። ነበልባሉ ሲጠፋ ጋዙ መውጣቱን አያቆምም፤ ሳይቃጠል ወደ ክፍሉ ይገባል እንጂ። ደማችን ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን ሄሞግሎቢን ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ አጥብቆ ይይዘዋል። ሰውየው ራሱን ያመዋል፣ ያቅለሸልሸዋል፣ ጉልበቱ ይከዳዋል። ድካም መስሎት ጋደም ይላል።

ምድጃና ማንደጃ የሚለያዩት እዚህ ላይ ነው። ምድጃ ጭስ ማውጫ አለው። ቱቦው ውስጥ ያለው አየር ሞቆ ስለሚቀል ወደ ላይ ይወጣል፤ ሲወጣ ከኋላው ሌላ አየር ይስባል፤ ጭሱንም ጋዙንም ይዞ ከድንኳኑ ጣሪያ በላይ ይደፋዋል። ይህን ሥራ የሚሠራው ቱቦው እስከሞቀ ድረስ ብቻ ነው። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ አስቡት። እንጨቱ ነድዶ ፍም ሆኗል፣ ነበልባል የለም፣ ቱቦው ቀዝቅዟል፣ መሳቡ ደክሟል። ብርድ የቀሰቀሰው ሰው ፍሙ እንዲቆይለት ብሎ የምድጃውን የአየር ቀዳዳ ይዘጋል፤ ነፋስ እንዳይገባበትም የድንኳኑን መስኮት ይለጉማል። ሁለት ስህተት በአንድ ደቂቃ። «ሸራ ይተነፍሳል» የሚሉም አሉ፤ ደረቅ ሸራ በእርግጥ ጥቂት አየር ያሳልፋል። ሸራው ሲርስ፣ በረዶ ሲጋገርበት ወይም የግርጌው ዙሪያ በበረዶ ሲቀበር ግን በዚያ ላይ ሕይወትን መጣል አይቻልም።

ስለዚህ የእኔ ሥርዓት ይህ ነው። ከምድጃው አጠገብ መሬቱ ጋ ያለው ክፍተት፣ ከጣሪያው ሥር ያለውም እንደዚሁ፣ ምንም ቢበርድ አይዘጉም። እሳቱ ትንሽ ሆኖ ቦግ ብሎ ይንደድ እንጂ ታፍኖ አይደር። ስተኛ እንዲጠፋ እተወዋለሁ፤ ሌሊቱን የሚያሳልፈኝ ደህና የመኝታ ከረጢት ነው። በባትሪ የሚሠራው የጋዝ ማንቂያ ከራስጌዬ አይለይም፤ ከመነሳቴ በፊት እሞክረዋለሁ። እሳት አድሮ እንዲነድ የሚፈልግ ሰው የፊንላንድ ወታደሮችን ይምሰል፤ እነሱ ድንኳናቸው ውስጥ ምድጃ ሲያድር በየተራ አንድ ሰው ነቅቶ እሳቱን ይጠብቃል።

በየበጋው በየመናፈሻው ለሽርሽር የምትወጡ ወገኖቼን ደግሞ በግልጽ ልቆጣችሁ። ዝናብ ሲመጣ ማንደጃውን ከነፍሙ ወደ ድንኳን ማስገባት ተዉ። ልጆች እዚያው ተጠቅልለው ሲተኙ በዓይኔ አይቻለሁ። ቡናው ዝናቡ እስኪያባራ ይቆይ።

ምድጃውን በተመለከተ፣ እግር ይኑረው፤ ቱቦው ሸራውን የሚያልፍበት ቦታ እሳት በማይበላው ፋይበር ግላስ የተከበበ ይሁን፤ የቱቦው ጫፍ ከድንኳኑ አናት ይለፍ፤ ጫፉም ላይ ፍንጣሪ የሚያስቀር ወንፊት ይኑር። ወንፊቱ በጥላሸት ስለሚደፈን በየጊዜው ይጠረግ። በዚንክ የተለበጠ ቱቦ አትግዙ፤ ሲግል የሚያወጣው ጭስ መርዝ ነው። አዲስ ምድጃ የመጀመሪያ እሳቱን ደጅ ይቅመስ፤ ቀለሙና ዘይቱ እዚያው ይቃጠል።

እንጨቱ ይድረቅ። እናቴ ገበያ ላይ ሁለት ፍልጥ አንስታ ታጋጫቸው ነበር። የደረቀው ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ እርጥቡ ዱብ ይላል። ሚኒሶታ ያለው በርችም ሆነ እንጦጦ ያለው ባሕር ዛፍ ለዚህ ፈተና አንድ ነው። እርጥብ እንጨት ከሙቀቱ ይልቅ ቱቦውን በጥቁር ቅባት መለሰኑ ይበዛል፤ ያ ቅባት አንድ ቀን ራሱ እሳት ይይዛል።

ከሁሉ የሚያናድደኝ ግን ድንኳንን እርጥብ አጥፎ ማስቀመጥ ነው። ጥጥ በቀናት ውስጥ ይሻግታል፤ የሻገተ ሸራ ደግሞ ይበሰብሳል። አባቴ የዕድራችን ዕቃ ቤት ቁልፍ ያዥ ነበር። ድንኳን ሲመለስ በዓይኑ አይቶ አይቀበልም። ያስዘረጋውና ስፌቱን ተከትሎ በአውራ ጣቱ ይዳስሳል፤ ሸራው ደርቆ ስፌቱ ሊረጥብ ይችላል። ረጥቦ ካገኘው ሰዎቹን ያለ አንዳች ክርክር ይመልሳቸዋል። እኔም ከደን ስመለስ ድንኳኑን ጋራዡ ውስጥ ሁለት ቀን እሰቅለዋለሁ፤ በሦስተኛው ቀን ማታ ከሥራ ስገባ፣ ጫማዬን ሳላወልቅ፣ ስፌቱን ከበሩ ጀምሬ እስከ ጭስ ማውጫው ቀዳዳ ድረስ እዳስሳለሁ።