ቋንቋ፣ ዱቤና እምነት፦ ከኦታኒ አስተርጓሚ የውርርድ ቅሌት የሚገኝ ትምህርት



ስለ ስፖርት ውርርድ ስንነጋገር በዐይነ ኅሊናችን የሚመጣው በኮልፌ ቀራኒዮ ጎዳናዎች ትኬት ይዞ የአውሮፓን ጨዋታ ውጤት የሚጠባበቀው ወጣት ነው። የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር በ2015 ዓ.ም. የውርርድ ቤቶችን የዘጋውም ይህን ወጣት አስቦ ነበር። ዛሬ የማቀርበው ጉዳይ ግን ከድህነት የመነጨ አይደለም።

ጃፓናዊው የቤዝቦል ኮከብ ሾሄይ ኦታኒ እ.ኤ.አ. በ2018 ወደ አሜሪካ ሲሄድ፣ ኢፔይ ሚዙሃራ አስተርጓሚውና የቅርብ ወዳጁ ሆኖ አብሮት ነበር። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2024 የሎስ አንጀለስ ዶጀርስ ክለብ ሚዙሃራን አሰናበተው፤ ከኦታኒ ሒሳብ ወደ 17 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ገንዘብ መዝረፉ ታወቀ።

ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ? ሁለት በሮች ተከፍተው ነበር።

የመጀመሪያው በር ቋንቋ ነው። ኦታኒ አሪዞና ውስጥ የባንክ ሒሳብ ሲከፍት ያስተረጎመለት ሚዙሃራ ነበር። ኋላም የሒሳቡን መገናኛ ስልክና ኢሜይል ወደ ራሱ አዛወረ፤ ለባንኩ እየደወለም «ኦታኒ ነኝ» በማለት ገንዘብ አስተላለፈ።

ሁለተኛው በር ዱቤ ነው። የስፖርት ውርርድ በካሊፎርኒያ የተከለከለ ቢሆንም፣ ሕገ ወጥ አወራራጅ በዱቤ ያጫውተው ነበር። በኛ ሰፈር ተወራራጁ ኪሱ ሲራቆት ይቆማል፤ በዱቤ ለሚጫወት ግን ማቆሚያ የለውም። ሚዙሃራ በሁለት ዓመት ውስጥ ወደ 19,000 ጊዜ ያህል ተወራረደ። ከ142 ሚሊዮን ዶላር በላይ አሸነፈ፤ ወደ 183 ሚሊዮን ገደማ ተሸነፈ። ትርፍ የመሰለው ሁሉ ኪሳራውን አራዘመው እንጂ አልሸፈነውም።

በሕግ ረገድ ልብ ልንለው የሚገባ ልዩነት አለ። በኛ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 675 መሠረት እምነት ማጉደል ማለት በአደራ የተቀበሉትን ንብረት ለራስ ማዋል ነው። ለሚዙሃራ ግን ገንዘቡ በአደራ አልተሰጠውም፤ የተታለለው ባንኩ ነው፤ የተጎዳው ደግሞ ኦታኒ። እንዲህ ያለው ድርጊት በአንቀጽ 692 ወደ ተደነገገው አታላይነት ይቀርባል፤ ድንጋጌው የሦስተኛ ወገንን ጥቅም መጉዳትንም ይጨምራልና። የአሜሪካ ዐቃቤ ሕግም በባንክ ማጭበርበርና በሐሰተኛ የግብር ማስታወቂያ ከሰሰው። ሚዙሃራ ጥፋቱን አምኖ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2025 የ57 ወር እስራት ተፈረደበት፤ ገንዘቡንም እንዲተካ ታዘዘ። ኦታኒ የወንጀሉ ተጎጂ መሆኑ ተረጋገጠ።

ይህ ጉዳይ ለኛ ሩቅ አይደለም። በማያውቁት ቋንቋ ውል የሚፈርሙ፣ ሒሳባቸውንም በዘመድ ወይም በወኪል በኩል የሚከታተሉ ሯጮች አሉን። ወዳጅን መጠርጠር ነውር ሆኖ ይታየን ይሆናል። ነገር ግን አስተርጓሚው፣ ወኪሉና ሒሳብ ተቆጣጣሪው አንድ ሰው እንዳይሆኑ ማድረግ ጥርጣሬ አይደለም፤ ወዳጅነቱን ከፈተና መጠበቅ ነው።